በከሰል ካውያ የተጠበሰው ሳንድዊች

ዛሬ ወንድሜ የሠራሁለትን ሳንድዊች አንዴ ነክሶ "ይሄማ ያኔ ናዝሬት የበላሁት ነው!" አለና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

በደርግ ጊዜ ለብሔራዊ ውትድርና ሊሄድ ሲል እማዬ ዳቦ ሰንጥቃ፣ በሽንኩርትና በበርበሬ ያቁላላችውን የተፈጨ ሥጋ ሞላችበት። አባዬ ሶደሬ ከሚሠራበት ሆቴል ያገኛትን ፎርማጆ አይብ ደረበችበትና መጥበሻ ላይ አድርጋ በከሰል ካውያ ተጫነችው።

(በዚያው ካውያ የተተኮሰው የአባዬ ሸሚዝ ለሳምንት ቁሌት ቁሌት ሸተተ!)

"ብላ ልጄ፤ ስትመለስ ደግሞ እሠራልሃለሁ" አለችው ፊቷን አዙራ።

ከዓመታት በኋላ እያነከሰ ተመለሰ። እሷም ቃሏን አከበረች።

ዛሬ አጠገቡ ተቀምጣ "ቅቤ አሳነስሽበት" ትለኛለች፤ እሱ ግን ሌላ ጨምሪልኝ ይላል።

እናንተስ ቤት ያኔ ለሚሸኝ ልጅ ምን ይሠራ ነበር? እስቲ አጫውቱን።