ያለ ነፋስ የተነፋው እጅጌ

እስቲ በሽቦ አጥሩ አሻግራችሁ እዩ። ከአውሮፕላን መንደርደሪያው ዳር፣ ከረጅሙ ምሰሶ ጫፍ ላይ፣ የሸሚዝ እጅጌ የመሰለ ብርቱካንማ ጨርቅ አለ። ዛሬ ቅጠል አይንቀሳቀስም። እሱ ግን ክንድ እንደገባበት ተወጥሮ ቆሟል፤ አፉንም ወደ ቦዩ ከፍቷል።

ልብስ ሰፊዋ የወደቀችው እዚያ ቦይ ውስጥ ነው።

ከእናቷ ጋር በአንዲት ጠባብ ክፍል የተማሪ ደንብ ልብስ እየሰፋች ያደገች ሴት ናት። መብረር ልማር ነው ስትል እናቷ፣ "ኪስ ቀጥ አድርገሽ መስፋት ያቃተሽ ልጅ፣ ሰማይ ላይ ቀጥ ብለሽ ልትሄጂ?" ብለው ሳቁባት።

"እማዬ፣ እዚያ ላይ ወገቡ ሰፋኝ የሚል ደንበኛ የለማ!"

ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን በበረረች ቀን፣ እሷ አየር ላይ ሳለች ነፋሱ ዞረ። አውሮፕላን ሲያርፍ ነፋስን በፊቱ መቀበል አለበት፤ ከኋላ ከገፋው ማን ያቆመዋል? እጅጌው የተሰቀለው ለዚሁ ነው፤ ነፋስ በአፉ ይገባል፣ አብራሪው ወደ አፉ አቅጣጫ ያርፋል። እሷም እንደተማረችው አደረገች። መሬት ነካች፣ ነጠረች፣ ደግማ ነካች። ፍሬን ብትረግጥ፣ ብትረግጥ፣ መንደርደሪያው አለቀ። እግሯ ተሰበረ።

ከረገፈው መስታወት መሀል ቀና ስትል አቧራው ከኋላዋ ወደ ፊት ይነጉዳል። እጅጌው ግን ነፋሱን ንቆ፣ አፉን ከፍቶ ያያታል።

አስተማሪዋ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ምን አላት? "እጅጌውንማ ማን ያያል? እኛ የምናየው የጡብ ፋብሪካውን ጭስ ነው።"

"ጋሼ፣ ታዲያ ለእኔ ማን ነገረኝ?"

"አይ... ሁሉም ያውቃል እኮ።"

ሁሉም ያውቃል! ሰው የምትበላው ይህች ቃል ናት። አንድ ጊዜ እንግዶች የበረራ ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ ሲመጡ፣ አስተማሪዎቹ እጅጌው ፎቶ ላይ ተልፈስፍሶ እንዳይታይ ብለው ውስጡን በሽቦ ወጥረው ከምሰሶው ጋር ጠፈሩት። እንግዶቹ ሄዱ፤ ሽቦው ቀረ። ዓይናቸውም ለመደው። እሷ ግን አስተማሪው አጠገቧ ተቀምጦ "በዚህ በኩል ውረጂ" እያላት የተማረች፣ ከየት ታውቅ?

እግሯ ጀሶ ውስጥ ሳለ አዲስ እጅጌ ሰፋች። ስፌቱ እናቷ እንኳ ነቀፋ ያጡለት ነው። ትምህርት ቤቱ አልቀበልም አለ፦ "ዛሬ ከቀየርነው ጥፋቱ የእኛ ነበር ማለት ነው።" ቅዳሜ ሌላ ተማሪ ብቻዋን ልትነሳ ነው። ያቺን ልጅ ላስጠንቅቅ ብላ በክራንች ብትሄድ ከበሩ መለሷት።

አዲሱ እጅጌ አሁን ከስፌት መኪናዋ በላይ ተንጠልጥሏል። በርና መስኮቱ ተዘግቶ፣ አንዳንዴ ቀስ እያለ ይነፋል፤ ወደ ሜዳው በኩልም ይዞራል። እናቷ መቀሳቸውን ያስቀምጡና፣ "ደግሞ የማን ልጅ ወጣች?" ይላሉ። ወዲያው ከጣሪያው በላይ የሞተር ድምፅ ይመጣል።

እባካችሁ፣ በዚያ አጥር የምታልፉ ሁሉ፣ ቅዳሜ ጠዋት እዚያ ቁሙልኝ። ልጅቷ ስትገባ ጥሯትና እጅጌውን ሳይሆን ዛፎቹ ወዴት እንደሚያዘነብሉ እንድታይ ንገሯት። ሁሉም ያውቃል ብላችሁ እንዳታልፏት።