የአባቴ ዱዓ ያለበት ፎልደር

ከሐይቅ ከተማ የወጣሁ ዕለት ማታ፣ ሰው ሻንጣውን በሚያስርበት ሰዓት እኔ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነበር። ስምንት ዓመት የሠራሁበትን የጽሕፈትና የፎቶ ቤት ለእህቴ ለዘይነባ ላስረክብ ነው። ዴስክቶፑ ላይ የሰርግ ፎቶ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ማመልከቻ፣ ምኑ ቅጡ! «ኮምፒውተሩ ቢቃጠል እንኳ ሁሉም ክላውድ ላይ ይቀመጣል፤ በኢንተርኔት ሄዶ ሌላ ቦታ ይጠበቃል ማለት ነው» አልኳት። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ መብራት ይጠፋል ብዬ እየሰጋሁ፣ የመጨረሻው ፎልደር ሲገባልኝ አልሃምዱሊላህ ብዬ ተነሣሁ።

የመጨረሻው ፎልደር «አባ» ይላል። ውስጡ አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። የዚያኑ ዕለት ጠዋት እናትና አባቴን ልሰናበት አምባሰል ወጥቼ፣ አባቴ ሁለት እጁን ዘርግቶ ዱዓ ሲያደርግልኝ በስልኬ የቀዳሁት ነው። አውቶቡስ ላይ ላዳምጠው ብዬ ፈራሁ። ጀርመን ገብቼም ፈራሁ። ሆዴን ስለማውቀው ነው፤ ከሰማሁት ጥዬ የምመለስ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ያለሁት ሽማግሌዎችን መንከባከብ የምማርበት ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። ልትወጡ ያሰባችሁ ስሙኝ፤ ስለ ብርዱ ሰው ነግሯችኋል፣ ስለ ዝምታው ግን ማንም አይነግራችሁም። ዝናቡ እንኳ ደፍሮ አይዘንብም፣ ሲያካፋ ይውላል። ዓሣ አለ፤ ግን ካርቶን ውስጥ የታሸገ፣ ራስም ጅራትም የሌለው አራት ማዕዘን ነገር ነው። የሐይቃችንን ቆሮሶ ዓሣ ከአጥንቱ እየለቀመ ላደገ ሰው ይሄ ግፍ ነው። ቢሮ ብትሄዱ «ቴርሚን አለህ?» ይሏችኋል፤ ቀጠሮ ማለታቸው ነው። እኔ ጎረቤቴን ሰላም ልል አንኳኩቼም ተጠይቄያለሁ።

በሁለተኛው ዓመት አባቴን ስትሮክ ጣለው። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለ፣ አንደበቱም ተያዘ። ይሰማል፣ ይገባዋል፣ መናገር ግን የለም። ያን ጊዜ ነው ያቺን ድምፅ የፈለግኳት። የቀዳሁበት ስልክ ተበላሽቶ ስለነበር፣ እንድትልክልኝ ዘይነባ ጋ ደወልኩ።

«የቱን ፎልደር?» አለች።

«ዴስክቶፑ ላይ ያለውን፣ አባ የሚለውን።»

«እሱንማ አጠፋሁት። ኮምፒውተሩ እየተንቀራፈፈ ሲያስቸግረኝ ብዙ ነገር አጠፋሁ። ክላውድ ላይ አለ ብለኸኝ የለ?»

ጥፋቱ የእኔ ነው። ዴስክቶፑና ክላውዱ አንድ ላይ የታሰሩ መሆናቸውን፣ እዚህ የጠፋው እዚያም እንደሚጠፋ ሳልነግራት ነው የወጣሁት። የተጣለ ፋይል ክላውዱ ቅርጫት ውስጥ አንድ ወር ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ የለም። መቼ እንዳጠፋችው ስጠይቃት ድምፅዋ ተሰበረ። «ነገ ወር ይሞላዋል። ወላሂ አላወቅኩም፣ ሰዒዴ።»

ሐይቅ መብራት ጠፍቶ ዘይነባ ኮምፒውተሩን መክፈት አልቻለችም፤ ክላውዱ ደግሞ በአዲሱ ስልኬ አላስገባ አለኝ። ማንነትህን ላረጋግጥ ብሎ ኮድ የሚልከው በድሮው ቁጥሬ ነው፤ ያን ሲም ካርድ ለእናቴ ትቼላት መጥቻለሁ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ደግነቱ ጎረቤታችን መሪጌታ ከሰዓት በኋላ አባቴን ሊያጫውቱ ይመጣሉ፤ እሳቸው ያነቡልኛል ብዬ ደወልኩ።

«እማ፣ አሁን መልእክት ገብቶልሻል። ስድስቱን ቁጥር መሪጌታ ያንብቡልኝ። ቶሎ!»

«ቁጥር የሚጠይቅሽ ሁሉ ሌባ ነው ብሎኛል ልጄ። ልጅሽ ነኝ ቢልሽም አትስጪ ብሎኛል» አለችኝ።

እውነቷን ነው፣ ብያታለሁ። በስልክ የሚያጭበረብሩ በዝተው ሳስጠነቅቃት እንዲህ አጥብቃ ትይዘዋለች ብዬ መች አሰብኩ!

«እኔ እኮ ነኝ፣ እማ!»

«ድምፅማ ይመሳሰላል። ልጄ ከሆንክ የሚዋጋው በሬያችን ስሙ ማን ነበር?»

ጠፋኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲያሳድደኝ የኖረው በሬ ስም ጠፋኝ። «ቦራ!» ብዬ ስጮኽ የኮዱ ጊዜ አልፏል። ይባስ ብሎ አከራዬ የክፍሌን በር ደበደበች።

«ሰው ሞተብህ?»

«አይ፣ እናቴን እያናገርኩ ነው።»

«እናትህ ጆሮዋ አይሰማም?»

«ይሰማል። አምባሰል ስለሆነች ነው።»

«አሁን የዝምታ ሰዓት ነው። መጮኽ ከፈለግህ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ» ብላኝ ሄደች። ለጩኸትም ቴርሚን አለው።

ሁለተኛ ኮድ አስላክሁ። መሪጌታ ስልኩን ተቀብለው፣ «ሰዒድ፣ እናትህን አትቆጣ፤ የያዘችው ያንተኑ ቃል ነው» አሉኝ። ተሸማቀቅሁ። እናቴ አሁንም አላመነችም፤ «የአባትህን ራዲዮ የሰበረው ማን ነው?» አለች።

ይህን ሃያ ዓመት ሙሉ ክጄ ኖሬያለሁ።

«እኔ ነኝ። በዘይነባ ላይ ያላከክሁትም እኔ ነኝ።»

«ሱብሃነላህ! ይስጡት መሪጌታ፣ የኔው ነው!»

መሪጌታ ስድስቱን ቁጥር እንደ ዳዊት እያረጋጉ አነበቡልኝ። ገባሁ። ቅርጫቱ ውስጥ «አባ» አለ። «መልስ» የሚለውን ነካሁ። ብቻዬን ልሰማው ግን አሁንም አልደፈርኩም፤ መሪጌታ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርገው አባቴ ጆሮ አጠገብ እንዲይዙለት ለምኜ፣ ዱዓውን በኮምፒውተሬ ከፈትኩት።

«ያ አላህ፣ የሄደበት አገር ሰው ይዘንለት። ቋንቋው ቢጠፋው ጠባዩ ይናገርለት። ቢያገኝ አታኩራው፣ ቢያጣ አታሳፍረው። ዓይኔ ሳይከደን መልሰህ አሳየኝ።»

አለቀስኩ።

«እማ? ተቋረጠ እንዴ?»

«አልተቋረጠም። አባትህ ለዱዓው እጁን ዘርግቷል። ቀኙ እምቢ ስላለው እኔ ይዤለታለሁ። በል እንጂ አሚን በል ልጄ፤ እሱ ማለት አቅቶታል።»

«አሚን» አልኩ። መቼ እንደምመለስ ግን እስካሁን አላውቅም።