ኮኪት ላይ እስክስታ የቀረጽን ዕለት

ሥራ የጀመርኩት ጎንደር፣ ሠርግ የሚቀርጽ አንድ ፎቶ ቤት ነው። የመጀመሪያው ቀን የተሰጠኝ ትእዛዝ አንድ ነበር። «መብራቱን ከሙሽራዋ ፊት እንዳታነሺ» አለኝ ባለቤቱ። አላነሣሁም። የድሮ አምፖል እንደ ከሰል ይግላል፤ ሙሽራዋ ኬኩን ሳትቆርስ ኩሏ አገጯ ደረሰ። እናትየው «ልጄን ጠበስሻት እኮ!» ብለው መብራቱን ከእጄ ነጠቁኝ። ባለቤቱ አላባረረኝም። «ነገ አንድ ክንድ ራቅ በይ» ብቻ አለኝ።

ትምህርት ቤት ገብቼ አልተማርኩትም። የሰው አፍንጫ ጥላ ወዴት እንደሚወድቅ፣ ጠርዙ መቼ እንደሚጠነክርና እንደሚለዝብ እያየሁ ነው የለመድኩት። ገመድ ጠቀለልኩ፣ ስታንድ ተከልኩ፣ ረዳት ሆንኩ። ብዙ ቆይቶ የመብራት ኃላፊ አሉኝ። በኃላፊነት የወጣሁበት የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ የሰሊጥ ዘይት ማስታወቂያ ነበር። ቆላ ካለችው ከኮኪት ከተማ ወጣ ብሎ፣ በአጨዳ ወቅት፣ እርሻ ላይ እስክስታ ሊቀረጽ ነው።

እርሻው የአያ መኳንንት ነው። ሰሊጡ ታጭዶ፣ በየነዶው ታስሮ፣ አናቱን ወደ ላይ አድርጎ እርስ በርሱ ተደግፎ ቆሟል። ይህን ክምር ሂላ ይሉታል። የደረቀ ሂላ ገፋ ካደረጉት ፍሬው ይዘረገፋል። መሬቱ ደግሞ ጥቁር አፈር ነው፤ ዝናቡ ሲያቆም እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። እዚያ የገባ ሰሊጥ አይወጣም።

ዳይሬክተራችን ቢኒያም ከአዲስ አበባ ነው የመጣው። ጥሩ ልጅ ነው፣ ግን ችኩል። ሂላዎቹን ሲያይ ዓይኑ በራ። «ተወዛዋዦቹ መሀሉ ገብተው፣ አንዳንድ ነዶ ይዘው ትከሻቸውን ቢነቀንቁስ?» አለ።

አያ መኳንንት የቀለደ መስሏቸው ሳቁ። እንዳልቀለደ ሲገባቸው ወደኔ ዞሩ። የአገራቸው ልጅ መሆኔን በአነጋገሬ ዐውቀዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ይኼ ሰውዬ ሰሊጥ አይቶ ያውቃል?»

«ዘይቱን አይቷል፣ አያ።»

«እንግዲያ ስሚኝ። ይኼ ከፊት ያለው ሂላ የከርሞ ዘሬ ነው። ከማሳው ሁሉ መርጬ ለብቻው ያቆምኩት። ዐሥር እርምጃ ርቃችሁ የፈለጋችሁትን ጨፍሩ። ቃል ትሰጭኛለሽ?»

«እሰጥዎታለሁ» አልኳቸው።

ቢኒያምን ለብቻው ወስጄ፣ «ካሜራውን ወደ ኋላ ስበህ ረጅሙን ሌንስ ብትገጥምለት ሂላው ጀርባቸው ላይ የተጠጋ ይመስላል» አልኩት። ሞከረው፣ ወደደው። የፈራሁት ያለፈ መሰለኝ።

የቀረው ፀሐይዋ ናት። የቆላ ፀሐይ አናት ላይ ስትቆም የሰው ዓይን ጉድጓድ ይሆናል። መፍትሔው ቤት የሚያህል የብረት ፍሬም ላይ ነጭ ጨርቅ ወጥሮ ከተወዛዋዦቹ በላይ ማቆም ነው። ፍሬሙ በሁለት ስታንድ ይቆማል፤ አራቱ ማዕዘኖች በገመድ ይያዛሉ፤ የስታንዶቹ እግሮች ላይ የአሸዋ ከረጢት ይጫናል። እኔ ባዶ ከረጢት ይዤ ሄድኩ። አሸዋ እዚያው አይጠፋም ብዬ። ያ ሁሉ አገር ጓል ብቻ ነው! ጓሉን ሞላንበት፤ ቀለለ።

ስለዚህ ገመዱን እንዲይዙልኝ ለአጨዳ ከደጋ የወረዱትን ሠራተኞች ለመንኩ። ከአራቱ አንዱ ይመር የሚባል የወሎ ልጅ ነው። ልምምዱን ሲያይ ቆየና ጠራኝ።

«እቱ፣ እነዚህ ልጆች በዚህ ሙቀት የሚንቀጠቀጡት ምን ሆነው ነው?»

«እስክስታ ነዋ!»

«እኔ ደሞ ወባ ይዟቸው መስሎኝ ኪኒን ላመጣ ነበር።»

መሪዋ ተወዛዋዥ ትዕግሥት ሰማችው። «ና እስቲ አንተ አሳየን፣ ወገበ ግንድ!»

«ገመዱን ማን ይያዝልኝ?» አለ። ሁላችንም ሳቅን። እኔ የሳቅኩት ግን ዓይኔን ከጨርቁ ሳላነሣ ነው።

የመጀመሪያው ቀረጻ አንዷ ዘግይታ ተበላሸ። ሁለተኛውን ላብ አበላሸው። ሦስተኛው ላይ ነፋስ መጣ። ጨርቁ ሆዱን ነፋ፣ መልሶ ጧ አለ። 

«ቢኒ፣ ጨርቁን ላውርደው።»

«አንድ ብቻ፣ ጥሩዬ! ፀሐይዋ ሳትዞር አንድ ብቻ።»

ጨርቁን እንዳለ ተውኩት። ሙዚቃው ተከፈተ። ነፋሱ ቀሚሶቹን አነሣቸው፣ ሲያምር! ቢኒያም ሞኒተሩ ላይ ተደፍቶ «ይኼ ነው፣ ይኼ ነው» ይላል። ከወዲህ ይመር፣ «እቱ፣ ገመዱ እጄን እየላጠኝ ነው!» ይላል። ቁም ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የመጀመሪያ ኃላፊነቴ ነው፤ ያማረውን ቀረጻ አቋረጠች እንዳልባል ፈራሁ። ሙዚቃው ሊያልቅ ጥቂት ነው የቀረው ብዬ ቆጠርኩ።

ሳይጨርስ አንዱ የስታንድ እግር ስንጥቅ ውስጥ ገባ። ፍሬሙ ዞረ፤ የይመር ገመድ ከእጁ ወጣ። ቢላዬን መዝዤ ጨርቁን ቀደድኩት፤ ነፋሱ እንዲያልፍበት ነው፣ ደንቡ ነው። ግን ዘገየሁ። ነፋሱ ፍሬሙን ዐሥሩን እርምጃ አሻገረው፤ የብረቱ ማዕዘን በተወዛዋዦቹ ራስ ላይ አልፎ የፊተኛውን ሂላ መታው። ሰው አልተጎዳም። ሰሊጡ ሽሽሽ እያለ ወረደ። ቢኒያም «ካት!» ያለው ከዚያ በኋላ ነው።

አያ መኳንንት ከትራክተራቸው ጥላ ተነሥተው በእርጋታ መጡ። ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር።

«ነፋሱን አላየሽውም?»

«አይቸዋለሁ፣ አያ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለፈው ቀረጻ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። ሸራ አስነጠፉና ቀጥ ብሎ የቀረውን ነዶ በጥንቃቄ እየገለበጡ አራገፉት። እኛ የፈሰሰውን ለቀማ ገባን። ትዕግሥት በዚያ ነጭ ቀሚሷ ተንበርክካ፣ ቢኒያም በሆዱ ተኝቶ፣ ይመር በተላጠ እጁ። ከላይ ያለውን አገኘነው። ስንጥቅ የገባው ገባ።

ስንለያይ የተረፈው ለዘር ይበቃቸው እንደሆነ አያ መኳንንትን ጠየቅኳቸው።

«ለግማሹ ይበቃል። ለቀረው ከጎረቤት እቀይራለሁ» አሉኝ። ሸራውን እየጠቀለሉም፣ «የኔ ዘር ግን አይደለም» አሉ።

ማስታወቂያው ሲወጣ ያን የመጨረሻውን ቀረጻ ነው የተጠቀሙበት። ሰው ሁሉ ቀሚሶቹን ያደንቃል። እኔ ተወዛዋዦቹ ፊት ላይ ከጨርቁ ጋር የሚንቀጠቀጠውን ብርሃን አያለሁ።

ከኔ ጋር ለሚጀምሩ ልጆች መጀመሪያ የማሳየው ይህን ቀረጻ ነው። ጨርቅ ነፋስ ከያዘ ይወርዳል። የሚያወርደው የመብራት ኃላፊው ነው። ዳይሬክተሩ አይጠየቅም።