ታደለች እጇን ያላወጣችበት ቀን

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ እንኳን ጥቃቅኑን ኃጢአቴን ሁሉ ስዘረዝር ይህችን እዘላታለሁ። አሁን የምነግራችሁም ደፍሬ አይደለም፤ ሸጎሌ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብቻዬን ስኖር የሚያዳምጠኝ ሰው ስላጣሁ ነው።

ሽሮ ሜዳ አካባቢ ሳይንስ አስተምር ነበር። ከተማሪዎቼ አንዳንዶቹ ከጋሞ የመጡ ሸማኔዎች ልጆች ነበሩ። በቤታቸው የሚነገረው ጋሞኛ ነበር። እኔ በአማርኛ ጠይቄ ዝም ሲሉኝ፣ አይገባቸውም እያልኩ አልፋቸው ነበር። በኋላ እንደ እነሱ ላሉ ልጆች ሳይንስ እንዴት እንደሚሰጥ ስልጠና ገባሁ። የተማርነው ከባድ ነገር አልነበረም። ሙከራው ከመሠራቱ በፊት ልጁ ምን ይሆናል ብሎ እንደሚያስብ በገዛ ቋንቋው ለጓደኛው ይንገር፤ ከዚያ በአማርኛ ይሞክር፤ ቢሳሳት አይሳቅበት።

እውነትም ሠራ። ድምጿን ሰምቼ የማላውቃት ታደለች የምትባል ልጅ፣ ከጓደኛዋ ጋር በጋሞኛ ተከራክራ እጇን ማውጣት ጀመረች። አማርኛዋ ይሰባበራል፤ ሐሳቧ ግን ቀጥ ያለ ነበር። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም።

አሰልጣኞቹ ክፍሌን ሊያዩ የሚመጡበት ቀን ሲደርስ ግን ፈራሁ። ልጆቹ እንግዳ ፊት ቢንተባተቡ የማፍረው እኔ ነኝ ብዬ ፈራሁ። እኛ አስተማሪዎች ለእንግዳ ክፍል ማሳመር እናውቅበታለን፤ ጎበዙን ከፊት፣ ደካማውን ከኋላ እናስቀምጣለን። እኔ ከዚያም አለፍኩ። የሸማኔዎቹን ልጆች ከክፍሉ ጀርባ ያለውን ችግኝ አጠጡ ብዬ አስወጣኋቸው። ስልጠናው ለማን ነበር? ለእነሱ አልነበረም? እኔው ነኝ ያስወጣኋቸው፤ ማንም አላዘዘኝም።

አንደኛው አሰልጣኝ የጋሞዎቹ ልጆች የት እንዳሉ ጠየቀኝ። "ወላጆቻቸው ለሽመና ያስቀሯቸዋል፣ ምን ላድርግ?" አልኩት። አዝኖልኝ ራሱን ነቀነቀ። ዘወር ስል ታደለች ጀሪካን ይዛ ክፍቱ መስኮት ሥር ቆማለች።

እንግዶቹ ሲሄዱ መጣች። አልተቆጣችም። "ቲቸር፣ አባቴ እኮ ጠዋት ራሱ ነው ያደረሰኝ። እንግዳ ፊት እናገራለሁ ስለው ሥራውን ትቶ ነው የመጣው" አለችኝ።

ምን መለስኩላት? እሺ፣ ወደ ክፍል ግቢ አልኳት፤ በቃ ይኸው ነው። ከዚያ ወዲያ እጇን አላወጣችም። ስሟን ስጠራ በአክብሮት ትነሳና "አላውቅም" ትለኛለች። ታውቅ ነበር። የምታውቅ መሆኗን እኔም አውቅ ነበር።

እኔ ግን ተመሰገንኩ። ዛሬ ሌሎች መምህራንን የማሰለጥነው እኔ ነኝ። ሰሞኑን አንዲት ጀማሪ መምህርት የሸማኔ ወላጆች ትብብራቸው እንዴት ነበር ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ። "ያስቸግራሉ፤ ልጆቹን ያስቀሯቸዋል" አልኩ። እሷም አመነችኝ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ገና መች ተውኩትና።