የመምህር ማተቤ አባት

የትምህርት ቤቱ ተላላኪ መንበረ ደወሉን ከመታች በኋላ መዳፏን ታሳርፍበታለች። መጀመሪያ ያስተዋልኩት ይህን ነው። ደወሉ ከኒም ዛፍ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለ አሮጌ የትራክተር ማረሻ ዲስክ ነበር፤ ሲመታ ድምፁ የሰሊጡን ማሳ አቋርጦ እስከ ሱዳን ጠረፍ የሚደርስ ይመስለኝ ነበር። እሷ ግን ሦስት ጊዜ መትታ፣ የሚያለቅስ ሕፃን እንደምታባብል ሁሉ በመዳፏ ዝም ታሰኘዋለች።

«ለምን ታቆሚዋለሽ?» አልኳት አንድ ጠዋት።

«ልጆቹ ሰምተዋል። ከዚያ ወዲያ ማንን ይጠራል?»

እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ፣ በ1976 ዓ.ም. መስከረም፣ ከመተማ ዮሐንስ የግማሽ ቀን መንገድ ወደምትርቀው ወደዚህች የቆላ መንደር መመደቤ ነበር። የገባሁት በሞተ ሰው ቦታ ነው። መምህር ማተቤ ከሁለት ዓመት በፊት በወባ ሞቷል፤ ከእሱ በኋላ የመጡት ሁለት አስተማሪዎች ሙቀቱን አልቻሉትም። ልጆቹ እኔ ጠመኔ ባነሳሁ ቁጥር የሚያዩት የእሱን እጅ ነበር።

ሰውየው አስተማሪ ሆኖ አልመጣም። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ የወረደ የቀን ሠራተኛ ነበር። አጨዳው አልቆ ጓደኞቹ ወደ ደጋ ሲመለሱ እሱ ቀረ፤ ከዛፍ ሥር ልጆች ሰብስቦ ፊደል ማስቆጠር ጀመረ። የመንግሥት ደመወዝ አያውቅም፤ መንደሩ ነው ማሽላ እየሰፈረ ያኖረው። በመንደሩና በትምህርት ቤቱ መካከል ኾር አለ፤ በጋውን ደረቅ አሸዋ፣ ክረምቱን ደጋ በዘነበ ዝናብ ድንገት የሚሞላ ወንዝ። ማተቤ አምስት ክረምት ልጆችን በትከሻው አሻገረ። ከዚያ እያንዳንዱ ተማሪ በየቀኑ አንድ ድንጋይ ይዞ እንዲመጣ አዘዘ። ድንጋዩ ተራራ አከለ፤ ከመንግሥት እርሻ ሲሚንቶ ተለመነ፤ ግንበኞች መጡ። ድልድዩ ሲያልቅ እሱ አልነበረም።

ኅዳር ላይ፣ ሰሊጡ ታስሮ በቆመበት ሰሞን፣ መንደሩ ድልድዩን በስሙ ለመሰየም ጠይቆ ኖሮ መልስ መጣ። ከበላይ አካል የተላከ ቅጽ ነው፤ የሟቹን ስም ከነአባቱና ከነአያቱ ይጠይቃል። እስከ ሰኞ ካልተሞላ ድልድዩ «ድል» ተብሎ ይመዘገባል። እሑድ ከሰዓት ሁሉም ከኒሙ ሥር ተሰበሰበ፤ የምጽፈው እኔ ነኝ።

«የአባቱ ስም ማነው?» አልኩ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። ያ ሁሉ ሰው፣ ስሙ በተነሳ ቁጥር ዓይኑ እንባ የሚያቀርር ሰው፣ አባቱን አያውቅም። ማመን አቃተኝ።

«መምህር፣ በቆላ የሰው አባት አይጠየቅም» አለኝ ሊቀመንበሩ ቢሻው። «እዚህ የሚወርደው ደም ያለበትም ነው፣ ከሚስቱ የተጣላም ነው፣ ሌላም አለ። 'እንብላ' እንለዋለን እንጂ 'የማን ልጅ ነህ' አንለውም።»

«ስምንት ዓመት ሻይ አጠጥቼዋለሁ» አለች ሻይ ሻጯ ሐዋ። «ሦስት ማንኪያ ስኳር ነበር የሚወድ። እሱን ጻፍና ላክላቸው።»

ሰው ሳቀ። ከኋላ አንዱ «ታዲያ አንድ አባት እንፈልግለታ» ሲል ቢሻው ዞሮ ገላመጠው። «ሬሳ ላይ የሌላ ሰው አባት አይለጠፍም።»

ቅጹን ላጥፈው ስል መንበረ ከሴቶቹ መካከል ተነሳች።

ታላቅ ወንድሟ ዳኛው ከፊት ተቀምጧል፤ ትራክተር ነጂ ነው፣ ያሳደጋትም እሱ ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ቤቱ መጥቶ፣ ሦስቱንም ጊዜ ያለምክንያት እምቢ እንዳለችው መንደሩ በሙሉ ያውቃል።

«ማተቤ አለምነህ ነው» አለች። «አያቱ ጓንጉል።»

«አንቺ ደግሞ ከየት አመጣሽው?» አለች ሐዋ።

መንበረ ወንድሟን እንጂ ሐዋን አላየችም። «ቆጠረልኝ።»

ወንድ ለሴት አባቶቹን የሚቆጥርላት ለአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት፣ የሥጋ ዘመድ እንዳይሆኑ።

ዳኛው ባርኔጣውን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አኖረ። «ስንት ቤት ደረሳችሁ?»

«ሰባት። የእኛንም ቆጠርኩለት። አንገናኝም።»

«መቼ?»

«መስከረም ላይ። ከአጨዳ በኋላ ሊልክብህ ነበር።»

የሞተው በዚያው ዓመት ጥቅምት ነው። ቀብሩ ላይ ከጎረቤት እኩል ቆማ፣ ከጎረቤት እኩል አልቅሳ መመለሷ ያኔ ነው የገባኝ። ከዚያ በላይ ብታለቅስ ሰው ይጠይቃል።

«እሺ እለው ነበር» አለ ዳኛው፣ ለባርኔጣው የሚናገር ይመስል። «ሳልጠየቅ ቀረሁ እንጂ፣ እሺ እለው ነበር።»

መንበረ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ ተቀመጠች።

እኔ ጻፍኩ። ማተቤ አለምነህ ጓንጉል። ቢሻው ማኅተሙን አሳረፈበት፤ ሰዉ አንድ በአንድ ተበተነ። ሐዋ ብርጭቆዎቿን ስትሰበስብ መንበረ አጠገብ ስትደርስ ቆማ ትከሻዋን ነካ አድርጋት አለፈች።

እኔ ግን አልጠገብኩም። መንበረ ስትነሳ ደብተሬን ገልጬ ተከተልኳት።

«እታለም፣ የቀሩትን አምስቱንም ንገሪኝና ልጻፋቸው። እንዳይጠፉ።»

«ቅጹ የጠየቀ ሁለት ነው።»

«ለቅጹ አይደለም። ለእኔ፣ ለማስታወሻ።»

ደብተሬን አየችው። ቁጣ አልነበረባትም።

«አባቱን ሰጠሁ፣ አያቱንም ሰጠሁ» አለች። «ድልድይ ሚስት አያገባ፣ አምስቱ ምን ያደርጉለታል? እነሱ እኔ ጋ ይሁኑ፣ መምህር።»

ነጠላዋን አጣፍታ፣ ታስሮ በቆመው ሰሊጥ መካከል ባለችው ቀጭን መንገድ ሄደች። ፊቷን ማየት አልቻልኩም። በጎኗ የወረደችው ቀኝ እጇ ግን ጣቷን አንድ በአንድ እያጠፈች ነበር፤ አራተኛው ላይ ስትደርስ ሰሊጡ ጋረዳት።