ጊታረኛው ሰይድና እኛ ተጠራጣሪዎቹ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ ልጄ ሊያ ለትምህርት ቤቷ ኮንሰርት ሳሎን ቁጭ ብላ ጊታር ስትለማመድ እኔ ወጥ ቤት ድንች እልጥ ነበር። በስተርጅና የወለድኳት ናት፤ ገና ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። የምትጫወተውን ስሰማ ቢላዋውን አስቀመጥኩ። አምባሰል ነው፤ ከሥሩ የሚረግጠው ምት ግን የወሎ አይደለም፣ ከካሪቢያን ባሕር የመጣ ነው። ጄኔቫም ሆነ ዙሪክ የሐበሻ ሠርግ ያለዚህ ምት አይደምቅም። ኪቦርድ ተጫዋቹም ዲጄውም ያውቁታል፤ ከየት እንደመጣ የሚጠይቅ ግን የለም።

«ባባ፣ ይሄ ማን ሠራ?» አለችኝ።

«የድሮ ነው፤ የሕዝብ ነው» አልኳት።

«ሜ ኖን፣ አይደለም ባባ! አንድ ሰው አለ፣ መጀመሪያ የሠራ!»

ወደ ድንቼ ተመለስኩ። ዋሽቻታለሁ፤ ያ ሰው ማን እንደሆነ አሳምሬ አውቃለሁ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጄኔቫ ውስጥ ፕላንፓሌ በሚባል ሰፈር፣ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ አራት ሆነን ሙዚቃ እንለማመድ ነበር። እዚህ አገር በየሕንፃው ሥር ለጦርነት ጊዜ የተሠራ መሸሸጊያ አለ፤ የብረት በሩ ውፍረት አንድ ስንዝር ይሆናል። ለሙዚቃ ይመቻል፤ ለሐሜትም እንዲሁ። ኪቦርድ የሚመታው ተፈራ አለቃችን ነበር። እኔ ድራም እመታለሁ። ሌሎቹ ሁለቱ ቤዝና ሳክስፎን የሚጫወቱ ወንድማማቾች ናቸው።

ሁላችንም ከአገር የወጣነው ሸሽተን ነው፤ ከወጣን በኋላም ኑሯችን የቆቅ ኑሮ ነበር። ስልክ ላይ ስም አንጠራም። ትራም ውስጥ የማናውቀው ሐበሻ ካየን አንድ ፌርማታ ቀድመን እንወርዳለን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ የሚለውን ተረት እንደ ጸሎት ነበር የምንደግመው። አሁን ስጽፈው ያስቀኛል፤ ያኔ ግን የሚያስቅ አልነበረም። የተፈራን ታላቅ ወንድም ካድሬዎች የወሰዱት ስሙን ከወረቀት ላይ አንብበው ነው።

ሰይድ የመጣው በመስከረም መጨረሻ፣ ማሮን የሚሉትን ፍሬ በከሰል የሚጠብሱ ሰዎች አደባባዩ ላይ ብቅ ብቅ ሲሉ ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ ቀጭን፣ አንገቱን የደፋ፣ ሲናገር መሬት መሬት የሚያይ። ጊታሩን የገዛው እዚያው ፕላንፓሌ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጥበት ገበያ ነው። ስሙን፣ ትውልድ ሰፈሩን፣ የአባቱን ሥራ ሳንጠይቀው ነገረን። ከዚያ መጫወት ጀመረ። እጁ አምባሰልን ይዞ እግሩ ሌላ ነገር ይረግጣል። ሰው ማመስገን የማይወደው ተፈራ እንኳ አፉን ከፍቶ ቀረ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ላቲን ሮክ ነው። አምባሰሉን ያስገባሁበት እኔ ነኝ፤ ምቱን ግን ኩባ ነው የተማርኩት።»

ኩባ ሲል ጆሯችን ቆመ። ያኔ ልጆችን ኩባ ልኮ ያስተምር የነበረው ያው እኛ የሸሸነው መንግሥት ነው። እንዴት ወጥቶ እዚህ እንደደረሰ አልጠየቅነውም፤ ብንጠይቀውም አናምነውም ነበር።

ቢሆንም ጊታሩ አስፈለገን። ሁለት መድረክ አብሮን ተጫወተ፤ አንድ ክርስትናና አንድ የተማሪዎች ግብዣ። ሰው ወንበር ላይ ወጣ። ትከሻው እስክስታ ይመታል፣ ወገቡ ሌላ አገር ሄዷል። እኔ በሕይወቴ እንደዚያ ደስ ብሎኝ ድራም መትቼ አላውቅም።

በማግስቱ ግን ሐሜቱ ይቀጥላል። ሰይድ ኩባ የለመደውን ሩዝና ጥቁር ቦሎቄ በሳህን ቋጥሮ እየመጣ ለብቻው ይበላ ነበር። «ሥጋችንን ባይበላ ይገባኛል፣ ሙስሊም ነው» አለ ተፈራ። «ምስራችን ምን በድሎት ነው?» ሁላችንም ራሳችንን ነቀነቅን። በዚያ ላይ ሰማያዊ ደብተር ነበረችው፤ በልምምድ መሀል ቀና እያለ ያየናል፣ ይጽፋል።

አንድ ቀን ሊሰግድ ወጣ ሲል ተፈራ ደብተሯን ገለጣት። የአራታችንም ስም ተደርድሯል። በየስማችን አጠገብ ቁጥር አለ፤ የኔ ስም ሥር ደግሞ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል። የቀረው በስፓኒሽ ነው። ተፈራ ደብተሯን እንደነበረች መለሳት። እኔ ያሰብኩት እናቴን ነው፤ አዲስ አበባ ቤቷን ሲያንኳኩ ታየኝ።

ጾመ ነቢያት ሳይገባ ዙሪክ ላይ አንድ ትልቅ ሠርግ ነበረን። ለሰይድ ሦስተኛ መድረኩ መሆኑ ነው፤ ሸሚዝ ሁሉ ገዝቶለት ነበር። «ሠርጉ ከጾም በኋላ እንዲሆን ተላልፏል» አልነው። ስለ ጾማችን ምን ያውቃል? አመነን።

ቅዳሜ ጠዋት ቢዝ የሚሉት የሐይቅ ንፋስ ፊታችንን እየገረፈን ባቡር ተሳፈርን። ዳቦና አይብ እየበላን ዙሪክ ገባን። አዳራሹ ኦርሊኮን ነው፤ ያኔ የፋብሪካ ሰፈር ነበር። ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ ሰይድ በሩ ላይ ቆሞ አየሁት። ጊታሩን በጀርባው አዝሏል፤ አዲሱን ሸሚዝ ለብሷል፤ ጸጉሩ ላይ በረዶ አለ። ማን እንደነገረው እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ሂድ አንተ አናግረው» አለኝ ተፈራ።

«ተላልፏል አላችሁኝ እኮ» አለ ሰይድ።

«ደብተርህን አይተነዋል።»

መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ደብተሯን ከኪሱ አውጥቶ ገለጠልኝ። «ሙዚቃ እኮ ነው! ኖታ መጻፍ አልችልም፤ ማን በስንተኛው ምት እንደሚገባ ነው የጻፍኩት። አየህ፣ ተፈራ አራት። አንተ ሁለት።»

«ቀዩ መስመርስ?»

«ትዘገያለህ» አለኝ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «ልነግርህ አፍሬ ነው።»

እውነቱን ነው፤ እዘገይ ነበር። እኔ ግን በሆዴ «ካድሬ መልስ አያጣም» አልኩ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? «ይቅርታ ሰይድ፣ ቦታ የለም» አልኩትና በሩን ዘጋሁት።

ሙሽራው ገና ከመቀመጡ «ያችን የጄኔቫዋን ምት!» ብሎ ጮኸ። ያለ ባለቤቱ ተጫወትናት። አዳራሹ ብድግ አለ። የዙሪክ ልጆች በካሴት ቀዷት፤ ከካሴቱ ሌሎች ባንዶች ወሰዷት፤ ይኸው እስከ ልጄ ድረስ መጣች። ሰይድ ግን በዚያው ሰሞን ጊታሩን ሸጠ። ሙዚቀኛነቱ ሁለት ወር እንኳ አልሞላም።

ያ የሸሸነው መንግሥት ከወደቀ በኋላ ኩባ አብሮት የተማረ ሰው አገኘንና ጉዱን ሰማን። ሰይድ አባቱ ስለታሰሩ አገር ቤት አልመለስም ብሎ የጠፋ ልጅ ነበር። ከእኛ እኩል የሚሸሽ ሰው ነው በር የዘጋንበት። ዙሪክ፣ አልትሽቴተን የሚባል ሰፈር ድረስ ሄጄ፣ አውቶቡስ ከሚያጥብበት ግቢ ደጃፍ ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅሁት። አቅፎ ሳመኝ፤ ሻይ ጋበዘኝ፤ ስለ ሙዚቃ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ከዚያ ወዲህ በየበዓሉ እንደዋወላለን።

ትናንት ለሊያ ሁሉንም ነገርኳት። ብዙ አልወቀሰችኝም፤ «እንግዲያ በኮንሰርቱ ወረቀት ላይ ስሙን እንጽፋለን፣ እሱም ይመጣል» አለች። ልቤ በደስታ ዘለለ። ወዲያው ደወልኩለትና ነገርኩት።

«ወረቀቱን ማን ነው የሚይዘው?» አለኝ።

«ወላጆች ናቸዋ! የትምህርት ቤት ኮንሰርት እኮ ነው።»

«ሐበሾች አሉበት?»

«ጥቂት ይኖራሉ።»

«እግዜር ይስጥልኝ በልልኝ ልጅህን» አለ በትሕትና። «ስሜን ግን የትም እንዳትጽፉ።»

ይህ ሰው ያን የብረት በር ገፍቶ ሲገባ ከነአባቱ ስሙን ሳንጠይቀው ነበር የነገረን። መጠርጠርን ያስተማርነው እኛ ነን። አሁን ስሙን በአደራ ይዣለሁ። እዚህ ሰይድ እያልኩ የጠራሁት ሰው ስሙ ሰይድ አይደለም።