የቶለሳ የቅዳሜ ተራ

ቶለሳን የማውቀው ከሻይ ቤት አግዳሚ ነው። እሱ ጳውሎስ አካባቢ አንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ያወርዳል፣ ይደረድራል፤ እኔ ከመንገዱ ማዶ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። ምሳ ሰዓት ሲሆን የሰምሀል ሻይ ቤት አንድ ወንበር ላይ እንገናኛለን፤ ይኸው ስድስት ዓመት ሊሆነን ነው። አርባ ሦስት ዓመቱ ነው። ትከሻው በር ያህላል፣ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነው። አንድ ነገር ሊያወራህ ሲል መጀመሪያ የሻይ ብርጭቆውን ያዞራል። ሦስት ጊዜ ካዞረው ወሬው ስለ ልጁ ነው ማለት ነው።

ልጁ ልዩ ትባላለች፣ አሥራ አራት ዓመቷ። ቶለሳና እናቷ አይዳ ከተለያዩ ሰባት ዓመት አልፏል። አይዳ ሌላ ትዳር ይዛ ሰሚት ኮንዶሚኒየም ትኖራለች፣ ልጅቷም እዚያው ናት። ሲለያዩ ሽማግሌዎች ተቀምጠው ለአባትየው የሰጡት ቅዳሜ ከሰዓትን ነው፤ ከስምንት ሰዓት እስከ አሥራ አንድ። ቶለሳ ቅዳሜን ቅዳሜ ብሎ አይጠራም። «ቀኔ» ነው የሚለው። «ቀኔ ላይ እንዳይዘንብ» ይላል፤ «ቀኔ ላይ ዕቃ ይመጣል ብለዋል፣ ሌላ ሰው ይተካኝ» ይላል።

በኮሮና ጊዜ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንድ መሥሪያ ቤት አሮጌ ኮምፒውተሮቹን እየሸጠ ነበርና አንዱን ለልጁ ትምህርት ብሎ ገዛ። ትምህርቱ ብዙም አልሄደም። ኮምፒውተሩ ላይ ፕሮግራም የጫነለት ልጅ ግን አንድ ጌም ትቶበት ሄዶ ነበር፤ ትልቅ የጭነት መኪና ከአገር አገር የሚነዳበት። ልጅቷ መሪውን ያዘች፣ እሱ ካርታውን ያይ ጀመር። እሷ ሾፌር፣ እሱ ረዳት። በጌሙ ውስጥ ያሉት ከተሞች ስማቸው አፍ ላይ አልቆም ስላላቸው የራሳቸውን አወጡላቸው፤ በረዶ የሚጥልበት ከተማ ሱሉልታ ተባለ፣ ወደቡ አዲሱ ገበያ። «ረዳት፣ ወራጅ አለ?» ትላለች ልጅቷ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «ወራጅ የለም፣ ንጂው» ይላል። ሰው ሳቁን ሊሸጥልህ ቢችል ኖሮ ቶለሳ ይህን ሲያወራ የሚስቀውን ሳቅ እገዛው ነበር።

አምና የጌሙ አዲሱ ወጣ። ልዩ በፍላሽ ይዛው መጣች፤ አሮጌው ኮምፒውተር አቃሰተ፣ አቃሰተና መኪናውን እንደ ጎማ አልባ ጥቁር ሳጥን መንገድ ላይ አቁሞ ደረቀ። የመጀመሪያው ቀን ሳቁበት። ከዚያ በኋላ ልጅቷ መቅረት ጀመረች። አንድ ቅዳሜ ጥናት አለ፣ አንድ ቅዳሜ የጓደኛ ልደት፣ አንድ ቅዳሜ ታክሲ ጠፋ። ስትመጣም ስልኳን ይዛ ትቀመጣለች። የእንጀራ አባቷ ለካ ትልቅ ኮምፒውተር ገዝቶላታል። አንድ ቀን ለቶለሳ በቅን ልቧ ነገረችው፦ በዚያኛው ላይ ሲዘንብ ጠብታው መስታወቱ ላይ ሲወርድ ይታያል፣ መጥረጊያውም ይጠርገዋል።

«ሰውየው ክፉ ቢሆን ይሻለኝ ነበር» አለኝ ቶለሳ። «ጥሩ ሰው ነው። ምን ብዬ ልጥላው?»

ለቤቱ ቆርቆሮ ያስቀመጣት ሃያ ሁለት ሺህ ብር ነበረችው። ቀጨኔ ከዳገቱ አጋማሽ ላይ ያለችው የቀበሌ ቤቱ ጣሪያ በሁለት ቦታ ያፈሳል። ያችን ብር ለኮምፒውተሩ ሊያደርጋት ወሰነ። ገንዘቧ ሁሉን አትገዛም፤ የቱ ዕቃ ይቀየር የሚለው ጥያቄ ግን ሦስት ሳምንት ሙሉ ምሳችንን በላ። ከካርቶን ክዳን ቀዶ ስማቸውን ጻፈ፦ ግራፊክስ ካርድ፣ ራም፣ ዲስክ፣ ፓወር ሰፕላይ። አንዱን ይሰርዛል፣ በማግሥቱ ይመልሰዋል። ሰምሀል ሻይ ስታቀርብ ካርቶኗን አየት አድርጋ «ዛሬስ ማን አለፈ፣ ማን ወደቀ?» ትለዋለች። እሱም እንደ መምህር ኮስተር ብሎ «ዲስክ ወድቋል። ራም ድጋሚ ይፈተናል» ይላታል። በዚያ ሰሞን ደስተኛ ነበር፤ አሁን ሳስበው የሚከብደኝም እሱ ነው።

አዲሱ ገበያ ፎቅ ላይ ጀቤሳ የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ አለ። ሃያ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ የተረጋጋ ልጅ። ኮምፒውተሩን ተሸክመን ወሰድንለት። ክዳኑን ከፍቶ አቧራውን እፍ አለና ከቶለሳ ጋር በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ጨረሱት። ነገሩን ለእኔም እንዲገባኝ አድርጎ አስረዳ። ፓወር ሰፕላዩ፣ ማለትም መብራቱን ተቀብሎ ለሌላው ዕቃ የሚያከፋፍለው ሳጥን፣ ደብዳቤ ለሚጻፍበት ኮምፒውተር የተሠራ ነው። ምስሉን የሚስለው ግራፊክስ ካርድ ትልቅ ሲሆን ብዙ መብራት ይጠጣል፣ ሳጥኑ ያን ያህል አያጠጣም።

«ጋሼ፣ ይስሙኝ» አለ። «ልቡን ሳያጠነክሩ ጡንቻ አይጨምሩበት። ትንሹን ካርድ ይውሰዱ፣ በቀረው ፓወር ሰፕላይና ራም እንቀይርለት። ጌሙ ይሠራል።»

«ዝናቡስ?» አለ ቶለሳ።

ጀቤሳ አልገባውም። እኔ ገባኝ። ስናስረዳው ትንሽ አሰበና፣ በትንሹ ካርድ ዝናቡ ይዘንባል እንጂ ጠብታው መስታወቱ ላይ አይታይም አለ፤ ያን የሚያሳየው ትልቁ ነው፣ ትልቁ ደግሞ ያገለገለ ሆኖ እንኳ ብሩን ጠርጎ ይወስዳል። ከዚያ ጠየቀው፦ ቤታችሁ መብራት እንዴት ነው? ቆጣሪው የግል ነው?

«ደህና ነው» አለ ቶለሳ።

ደህና አልነበረም። የቶለሳ ግቢ አምስት አባወራ ሆኖ አንድ ቆጣሪ ነው ያለው፣ ሽቦውም አርጅቷል። ሁለት ቤት ባንድ ጊዜ ከባድ ነገር ከሰካ የሁሉም አምፖል ይደክማል። ስለዚህ ከግቢው በር ጀርባ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ ስቶቭ፣ ካውያ፣ የውኃ ማሞቂያ፣ ማን በየትኛው ቀንና ሰዓት እንደሚሰካ ተጽፎበታል። ቅዳሜ ከሰዓት የእትዬ አዲሳለም ተራ ነው። ከቶለሳ ጋር በአንድ ግድግዳ የሚለያዩ መበለት ናቸው፤ የሕክምና ተማሪዎችን ነጭ ጋዋን አጥበው በሁለት ካውያ፣ አንዱን ራሳቸው አንዱን የእህታቸው ልጅ ይዛ፣ ለሰኞ ያደርሳሉ። ተራ መለዋወጥ ግን በግቢው ወግ ነው። ለቅሶ ሲሆን፣ ክርስትና ሲሆን፣ እንግዳ ሲመጣ አንዱ ሌላውን ይጠይቃል፤ እስከ ዛሬ እንቢ የተባለ የለም።

የጀቤሳን ምክር ትቶ ትልቁን ካርድ ሊገዛ በሄደበት ዋዜማ ይህን አነሳሁበት። ፓወር ሰፕላዩ ካልተቀየረ ቢያንስ ልጅቷ ለምትመጣባት ቅዳሜ እትዬ አዲሳለም ተራቸውን ይለውጡልህ፣ ጠይቃቸው አልኩት። ብርጭቆውን አዞረ።

«ምን ብዬ? አርባ ሦስት ዓመት የሞላው ሰውዬ ጌም ሊጫወት ነውና ካውያዎን ይንቀሉልኝ ልበላቸው? ሥራቸውን?» አለ። ቀጥሎም፣ አንዲት ቀን ናት፣ ታልፋለች አለ። ሌላ ነገር ብለው ደስ ባለኝ። ግን እኔም በሱ ቦታ ብሆን አፌ እሺ አይለኝም ነበር መሰለኝ።

የቅዳሜውን የነገረኝ በሚቀጥለው ሰኞ ነው። ብርጭቆውን አላዞረውም፤ እንዲሁ ይዞት ነገረኝ።

ከጠዋት ጀምሮ ቤቱን ወለወለ። ትወዳለች ብሎ ሳምቡሳ ገዛ። ልዩ በስምንት ሰዓት ተኩል መጣች፣ ቦርሳዋን ሳታወርድ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እሱ ምንም ሳይል ኮምፒውተሩን ከፈተው። ጌሙ ተነሳ። መኪናው ከነጎማው፣ ከነመስተዋቱ ብቅ አለ፤ ጥቂት እንደሄዱም ዘነበ። ጠብታው በመስታወቱ ላይ ኩልል ብሎ ወረደ፣ መጥረጊያው ጠረገው። ልጅቷ ቦርሳዋን አወለቀች። ወንበሩን ስባ ተጠጋች፣ መሪውን ያዘች። ሁለት ኩርባ ጠመዘዘች። ከዚያ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፦

«ረዳት፣ ወራጅ አለ?»

ቶለሳ እጁን ወደ ስክሪኑ ዘረጋ። «ወራጅ የለም፣ ንጂው» አላት።

ሃያ ደቂቃ ያህል ሄዱ። ሱሉልታን አልፈው ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁል ሲወርዱ የቤቱ አምፖል ቀላ፣ እንደ ከሰል ፍም ሆነ። ወዲያው አወቀ። በግድግዳው ማዶ የእትዬ አዲሳለም ካውያ ጠረጴዛውን ዱብ፣ ዱብ ሲያደርግ ይሰማዋል። «እትዬ፣ አንድ ጊዜ ይንቀሉልኝ» ብሎ ቢጮህ ይሰማሉ። ቃሉ ጥርሱ ድረስ መጣ፣ ዋጠው። አምፖሉ እንደገና ቦግ አለ፤ ከሳጥኑ ውስጥ ጧ የሚል ድምፅ ወጣ፣ ስክሪኑ ጨለመ። የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቤቱን ሞላው።

ተንበርክኮ ሽቦውን ይነካካ ጀመር። ፊቱን እንዳታይ ጀርባውን ሰጥቷታል። ልጅቷ፣ ብርጭቆ የሰበረ ባለቤትን እንደምታጽናና እንግዳ ባለ ድምፅ፣ አናገረችው።

«ምንም አይደል አባዬ። ቤት እኮ አለ።»

መጀመሪያ አልገባኝም አለኝ። የቱ ቤት? እዚህ ተቀምጠን፣ የቱ ቤት? ከዚያ ገባው፤ ቤት የምትለው ሰሚት ያለውን ነው።

አንድ ሰዓት ያህል ስልኳን እያየች ቆየች፣ ሳምቡሳውን አንዱን በላች። በአሥር ሰዓት እሄዳለሁ አለች። እስከ ታክሲው ሸኛት። ስትገባ፣ እንድትስቅለት ብሎ፣ «ሾፌር፣ ወራጅ ካለ ንገሪኝ» አላት። የታክሲው ረዳት እየተጣራ ስለነበር አልሰማችም፤ ወይም ሰምታለች። በሩ ተዘጋ።

ማታውኑ እትዬ አዲሳለም ሽታው ገብቷቸው፣ እጃቸው ላይ አንድ ያልታጠፈ ጋዋን እንደያዙ በሩን ቆረቆሩ። ቤት ተቃጠለ ብለው ነበር። ሳጥኑን አዩ፣ እሱን አዩ። ሁሉንም ነገራቸው፤ ማፈር ያለበትን ሰዓት አልፎታል። ቆመው ሰሙትና፦

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?» አሉት። «ዓርብ እተኩሰው አልነበር?»

«ለጌም ብዬ እትዬ? በዚህ ዕድሜዬ?»

«ለልጄ ነው ብትለኝስ?»

ቶለሳ ሽቦውን ይጠቀልል ጀመር። እሳቸውም ጋዋኑን እያጠፉ ወጡ።

ጀቤሳ ከፍቶ አየው። ፓወር ሰፕላዩ ሲሄድ ካርዱንም ዋናውን ቦርድም ይዟቸው ሄዷል። ያገለገለ ካርድ ስለሆነ የሚመልስ የለም። «ብዬዎት ነበር» አላለም፤ ቢለው ይሻል ነበር። ሳጥኑን መልሶ ዘግቶ በእግሩ እስከ ታች ተሸክሞ አደረሰልን፣ ዋጋም አልጠየቀም።

ይኸው ሰባተኛ ሳምንቱ ነው። ልዩ ሁለት ቅዳሜ ብቻ መጥታለች፣ አንዱን ለግማሽ ሰዓት። ቶለሳ አይወቅሳትም። እኔ አንድ ቀን ልወቅሳት ሞክሬ ነበር፣ አፌን አስያዘኝ። ልጅ ናት፣ የሰጠኋትን ነው የምትወስደው አለኝ። አይዳ ጋ ደውል፣ ልጅቷን በግልጽ ጠይቃት፣ ወክ ውሰዳት፣ እንጦጦ ውጡ፣ ያልኩት ነገር የለም። ሁሉንም እሺ ይላል። ቀጥሎ ስንገናኝ አላደረገውም። ሰምሀል እንኳ ማን አለፈ ማን ወደቀ ማለቷን ትታ ሻዩን ብቻ ታስቀምጥለታለች።

ባለፈው ቅዳሜ ሱቄን በጊዜ ዘግቼ ቤቱ ሄድኩ። ዝናብ ነበር፣ የቀጨኔ ዳገት ሲዘንብ መቼም ታውቁታላችሁ። የግቢውን በር ገፋ አድርጌ ስገባ የመብራት ተራውን ወረቀት አየሁት። የእትዬ አዲሳለም ስም ከቅዳሜ ተሰርዞ ዓርብ ላይ ተጽፏል። ቅዳሜ ከሰዓት በሚለው ፊት፣ በእሳቸው ጎርበጥ ባለ ፊደል፣ «ቶለሳ» ይላል።

ቤት ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አገኘሁት። ኮምፒውተሩ የነበረበት ጠረጴዛ ላይ ሳፋ አስቀምጧል፤ ከጣሪያው ጠብ፣ ጠብ ይልበታል። ሳምቡሳ ገዝቶ በወረቀት ሸፍኖታል። ከጠዋት ጀምሮ አልደወለችም፣ ስምንት ሰዓት ካለፈም ቆይቷል። ወንበሩን ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ፣ እሱ ግን አልጋው ጠርዝ ላይ እንዳለ ቀረ።

በግድግዳው ማዶ ምንም ድምፅ የለም። ግቢው ውስጥ አንድም ሰው ምንም አልሰካም።

«አየኸው?» አለኝ ቀና ብሎ። አምፖሉን ነበር የሚያየው። «እዚህ ቤት ስኖር እንዲህ በርቶ አይቼው አላውቅም።»